የአባ ግን ምዕራፍ

በከተማው ትራንስፖርት ቢሮ፣ በጥናት ክፍሉ ውስጥ፣ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም «አባ ግን» ይሉታል፤ ደፋሮቹ ፊት ለፊት፣ ጨዋዎቹ ከጀርባው። ስሙ የወጣለት ስብሰባ ላይ ነው። ጥናት ይቀርባል፣ ቁጥሩ ይደመራል፣ ሁሉም እጁን ሊያወጣ ሲል እሱ ከጥግ ጉሮሮውን ይጠርግና «ግን…» ይላል። ያኔ ውጭ ቀጠሮ ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀጠሮውን ይሰርዛል።

የተማረው ኢኮኖሚክስ ነው። ተማሪ ሳለ ግን ከራሱ ክፍል እየሾለከ ፍልስፍና የሚሰጥበት ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጥ ነበር። እዚያ የሰማው ነገር ከነከነው፣ ይኸው ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ አልለቀቀውም። የሙያ ባልደረቦቹ «ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እሱ «ጥቅሙ የማን ነው? ጉዳቱስ የማን?» ይላል። ጥያቄው ይህችው ናት። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢመቸውና አንድ ሰው ቢሰበር፣ ያ ሁሉ ምቾት ተደምሮ የአንዱን ስብራት ይሸፍነዋል? ስሌቱ «አዎ» ይላል። አባ ግን ስሌት ይጠላል ማለት አይደለም፤ ስሌት ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ ሲያይ ነው ደሙ የሚፈላው።

ይህችን ጥያቄ ይዞ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። መጽሐፍም ጻፈ፤ የገዙት በአብዛኛው ዘመዶቹ ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ መደርደሪያ ላይ አቁመው ለእንግዳ ያሳዩታል እንጂ አልገለጡትም። ኋላ ላይ «ክፍል ውስጥ መለፍለፍ ምን ያደርጋል፣ ውሳኔ የሚወሰንበት ቦታ ልግባ» ብሎ ወደ ቢሮው መጣ። መጥቶም «ማን ይጎዳል?» የሚል ምዕራፍ በየጥናቱ ውስጥ ይግባ እያለ ለመነ፣ ተከራከረ፣ ተኳረፈ። መጀመሪያ ሳቁበት። ቀጥለው ምዕራፉን አባሪ አደረጉለት፤ በዚያ ቢሮ አባሪ ማለት ማንም የማያነበው ማለት ነው። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት ልጅ የክፍሉ ኃላፊ ሆና መጣችና ደንብ አወጣች፤ የሥነ ምግባር ምዕራፍ የሌለውና የእሱ ፊርማ ያላረፈበት ጥናት ወደ ከተማው ምክር ቤት አይሄድም ተባለ። ደንቡ ውስጥ እሱ ራሱ ያስገባት አንዲት ዐረፍተ ነገርም ነበረች፦ ጥናቱ ዘመዱን የሚነካበት ሰው አስተያየት አይጽፍም። ንጹሕ ደንብ እንዲሆን ብሎ ነው። ያን ቀን አባ ግን ደረጃውን ሲወርድ አፏጨ፤ ጥበቃው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ከደንቡ በኋላ የመጀመሪያው ጥናት ስለ አንድ ገበያ መነሳት ነበር። አባ ግን መደብ ስለሚያጡት ሴቶች ዕንባ የሚያመጣ ምዕራፍ ጻፈ። የምክር ቤቱ አባላት አነበቡት፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አጨበጨቡ፣ ከዚያም ገበያውን አነሱት። እሱ ግን ለራሱ «ቢያንስ አንብበውታል» አለ። ሰው ለራሱ የማይለው ነገር የለም።

ታላቅ እህቱ ከከተማው ዳር፣ ዳገት ላይ በተሠራ ሰፈር ነው የምትኖረው። «እትዬ» ይላታል፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ አንድ ጠዋት ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ደነዘዘ። እግሩ በከዘራ ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ በቃ። እጁ ግን እንደ ጡጫ ተጨብጦ ቀረ። ያን እጅ ለማስከፈት እትዬ ባሏን ደግፋ፣ ከበራቸው ትንሽ አለፍ ብሎ በሚቆመው አውቶቡስ አሳፍራ፣ ሆስፒታል ወዳለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትወስደው ነበር። አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይዞራል፣ መልሶ ይወርዳል። ለሰፈሩ ሰው እግሩ እሱ ነው።

አንድ እሑድ አባ ግን ሊጠይቃቸው ሲሄድ ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የኮት ቁልፍ አስቀምጦ ጠበቀው። ባለሙያዋ የሰጠችው የቤት ሥራ ነው።

«ዝም ብለህ እየኝ» አለው።

ቀኝ እጁን በግራው ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አወጣው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተንቀጠቀጡ፣ ቁልፉን ስተው አለፉ፣ ተመለሱ፣ ያዙት። ከጠረጴዛው ብድግ አደረገው። ግንባሩ በላብ ተጠምቆ ነበር።

«አየህ? መርፌ የምይዝበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያኔ ያንተን ሱሪ አሳጥርልሃለሁ፤ እንደዚህ መሬት እየጠረግክ ስብሰባ መግባትህ ያሳፍረኛል።»

እትዬ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባ ግን ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጥናት ተቀምጦ አገኘ። አውቶቡሱ ዳገቱን መውጣቱን ትቶ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ይሂድ የሚል ነው። መሀል ከተማ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ያተርፋል። የዳገቱ ሰው ደግሞ በእግሩ ወርዶ ታች ይሳፈራል። የእያንዳንዱ ሰው ደቂቃ በደመወዙ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ሠንጠረዥ ተሠርቶለታል። አባ ግን ጣቱን በሠንጠረዡ ላይ እየነዳ ወረደና ታችኛው ረድፍ ላይ ቆመ። «ደመወዝ የሌላቸው ተሳፋሪዎች» ይላል። ከፊት ለፊቱ ዜሮ።

እትዬ ዜሮ። ባሏ ዜሮ። ሰፈሩ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ፣ ጡረታ እንኳ የሌላቸው አሮጊቶች ሁሉ ዜሮ። ቢጠብቁ፣ ቢወርዱ፣ ቢወድቁ፣ ሠንጠረዡ ላይ የሚነቃነቅ ነገር የለም። ወረቀቱን ይዞ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዜሮ ምንድን ነው?»

«የቱ ዜሮ፣ መምህር?»

«ይሄ። የነዚህ ሰዎች ጊዜ።»

ኃላፊዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አየችው። «እሱማ አሠራሩ ነው። የትም እንዲሁ ነው የሚሰላው። ደመወዝ የሌለው ሰው ቢዘገይ ምን ያጣል?»

«ምን ያጣል ብለሽ ጠይቀሻል? ወይስ ምንም አያጣም ብለሽ ጻፍሽ?»

«መምህር ደግሞ!» ሳቅ አለች። በቅንነት ነው የሳቀችው፤ ትወደዋለች። ከሁሉም የሚያናድደው ይኸው መውደዷ ነው፤ የሚጠላው ሰው ቢሆን ተጣልቶ ይገላገል ነበር። «እርስዎ እኮ ለዚህ ነው ያሉት። ሠንጠረዡን እኛ እንሠራለን፣ ሰው ሰው የሚሸተውን ምዕራፍ እርስዎ ይጽፋሉ። እንደ ገበያው አድርገው ይጻፉልኝ። ያን ያላደነቀ የለም።»

«አድንቀው ገበያውን አነሱት።»

«ሳያነቡ ከሚያነሱት አይሻልም?»

አባ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ልክ ይህንኑ እሱም ለራሱ ብሎ ነበር። በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ምን ያህል አስቀያሚ ነገር እንደሆነ ገባው።

«አልጽፍም» አለ።

«ምን?»

«ምዕራፉን አልጽፍም። ያለ ምዕራፍ ደግሞ ምክር ቤት አይገባም። ደንቡ ያንቺው ነው።»

እህቱ እዚያ ዳገት ላይ እንደምትኖር ሳይነግራት ወጥቶ ሄደ። ያን ያህል ዓመት ለምኖ ያገኘውን ነገር ባለመጻፍ ይጠቀምበታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሱም ጭምር። እሑድ ሲደርስ ዳገቱን በአውቶቡሱ ወጣ። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቷል።

«ይነሳል የሚሉት እውነት ነው?» አለች እትዬ።

«የትም አይሄድ፣ እትዬ። እኔ እያለሁ የትም አይሄድም» አላት አፉን ሞልቶ።

ምክር ቤቱ የተሰበሰበ ዕለት አባ ግን ጥናቱ አይቀርብም ብሎ ልቡን ጥሎ ነው አዳራሽ የገባው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠለትን ጥራዝ አነሳ፣ ገለበጠው። ምዕራፉ አለ። ከሥሩ ፊርማው አለ። አንዴ ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው። የገበያው ምዕራፍ ነው፤ ከነፊርማው እንዳለ ተገልብጦ የአውቶቡሱ ጥናት ውስጥ ገብቷል። «ገበያው» የሚለው ብቻ «መስመሩ» በሚል ተተክቷል፤ እሱም ሁሉም ቦታ አልተተካም። ኃላፊዋን ፈለጋት። ከፊት ተቀምጣ ጠረጴዛውን እያየች ነው።

በዚህ መሀል ከአባላቱ አንዱ፣ ወፍራም ክራቫት ያሰረ ሰውዬ፣ ማይክሮፎኑን ሳበ። «አንድ ነገር ላንብብላችሁ» አለ። «"መደቧን ያጣች ሴት ያጣችው መደቡን ብቻ አይደለም፤ ከጎኗ የምትቀመጠውን ጎረቤቷን፣ የምትጠራበትን ስሟን ነው።" እንግዲህ ጥናት ማለት ይሄ ነው! ለሰው የሚያስብ ጥናት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አባ ግን ብድግ አለ።

«ግን…»

ሳቅ ሆነ። ቅጽል ስሙ እዚያም ደርሷል ማለት ነው።

«ይሄ ስለ ገበያ የተጻፈ ነው» አለ። «ሰዎች፣ አውቶቡስ ላይ መደብ የለም! ስለ አውቶቡሱ እኔ አንዲት መስመር አልጻፍኩም።»

ሰብሳቢው እንደ አባት ፈገግ አሉ። «መምህር፣ ትሕትናዎን እናውቃለን። ቃሉ ስለ ገበያ ቢሆንም መርሁ ያው አይደለም እንዴ? እርስዎ ራስዎ እዚሁ ገጽ ላይ "የተጎዳ ሰው የትም ቢሆን የተጎዳ ሰው ነው" ብለው የለም?»

ብሏል። እንዲያውም ያቺን ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ደስ ብሎት ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራድዷል። እጆች ወጡ፣ ተቆጠሩ፣ ጥናቱ ጸደቀ። አባ ግን እንደቆመ ነበር፤ ተቀመጥ ያለውም የለም።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊዋ ሮጣ ደረሰችበት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር። የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ ነው። ደግሞ ምዕራፉን ደጋግሜ ሳነበው የሚለወጥ ነገር አጣሁለት። በጣም የሚያምር ስለሆነ እኮ ነው ለሁሉም የሚሆነው።»

ለሁሉም የሚሆነው! ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አውቶቡሱ ዳገቱን መውጣት ያቆመ ዕለት አባ ግን በእግሩ ወጣ። እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ሱሪውን ወደ ላይ እየሳበ ደረሰ። እትዬ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም።

«የትም አይሄድም አላልከኝም?»

«ብዬሽ ነበር።»

«ማነው የፈረመው?»

«ፊርማው የኔ ነው። እኔ ግን አልፈረምኩም።»

«እንዴት ሆኖ?»

አስረዳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ደንቡን፣ ገበያውን፣ ክራቫት ያሰረውን ሰውዬ። እሷ የመጨረሻውን አንሶላ አጥፋ እስክትጨርስ ድረስ ሰማችው። «አንተ ልጅ» አለች ከዚያ፣ «ድሮም ጽሑፍህ ሲያምር እፈራ ነበር።»

ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ታክሲ ተኮናተረ። ልብስ ሰፊው ጥቂት ጊዜ ሄደበትና አኮረፈ። «አውቶቡስ ላይ ሰው ነበርኩ» አለ። «ሹፌሩ ስለ ኳስ ይከራከረኛል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ያማክሩኛል። ታክሲ ውስጥ ሸክም ነኝ። ጎረቤቶቼም በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ እነሱን ማን ይውሰዳቸው?» እየለመኑት ትንሽ ቀጠለ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ጎርፉ የዳገቱን ድንጋይ ፈነቃቀለው፣ የታክሲው ሆድ ተፋቀ፣ ባለታክሲውም «በሞቴ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ቀረ። ሌላ ቢፈለግ የሚወጣ ጠፋ። እጁም ቀስ በቀስ ተመልሶ ተጨበጠ። የኮት ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ እትዬ አቧራ ስትጠርግ ታነሳዋለች፣ እዚያው መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ክረምቱ ሲወጣ ቢሮው ውሳኔውን ገመገመ። ቆጣሪዎች ታችኛው ፌርማታ ላይ ቆመው ተሳፋሪ ቆጠሩ፤ ተሳፋሪ የሚቆጠረው ሁልጊዜም ፌርማታ ላይ ነው። ከዳገቱ ወርዶ የሚሳፈር ሰው ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተገኘ። ፌርማታው ላይ የተሰቀለው የቅሬታ ሣጥን ተከፈተ፤ ከዳገቱ የመጣ ቅሬታ የለም። እንግዲህ ግምገማው ምን ይበል? የዳገቱ ሰው መጀመሪያም አውቶቡሱን ብዙ አይፈልገውም ነበር፣ የተጎዳም የለም አለ። ኃላፊዋ ጥራዙን ይዛ እሱ ጠረጴዛ ድረስ መጣች።

«ለዚህኛውስ ይጻፉልኝ፣ መምህር። ሁለተኛ ያንን ነገር አልደግመውም፣ ቃሌ ነው። የራስዎን አዲስ ምዕራፍ።»

አባ ግን ሠንጠረዡን አየ። መውረድ ያልቻሉት ሰዎች ስላልወረዱ አልተጎዱም ተብሏል። ይህን የሚሠራ ሌላ ሙያ ይኖር ይሆን? በሽተኞቹ የቀሩበትን ሐኪም ቤት አይቶ ከተማው ድኗል የሚል ማን አለ? ብዕሩን አነሳና ጻፈ፦ «ያልወረደ አልተቆጠረም፣ ያልተቆጠረም አልተጎዳም።» አነበበው። ጥሩ ነው። ድጋሚ አነበበው። በጣም ጥሩ ነው። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ማይክሮፎን ስቦ ሲያነበው ታየው፣ ጭብጨባውን ሰማው። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው።

ሌላ ወረቀት ወሰደ። በዚህኛው ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«በዳገቱ አናት፣ ሰማያዊ በር ካለው ቤት ውስጥ፣ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ቀኝ እጁ በስትሮክ ተጨብጧል። አውቶቡሱ በነበረ ጊዜ ሕክምና ይሄድ ነበር፤ የኮት ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ጀምሮ ነበር። አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ ሕክምናው ተቋርጧል። አሁን ቁልፉን ማንሳት አይችልም። ቅሬታ ያላስገባው ሣጥኑ ታች ስለሆነ ነው።»

ፈርሞ ኃላፊዋ ቢሮ ወሰደው። ቆማ አነበበችው፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ምዕራፍ አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም።»

«እርስዎ ሲጽፉ… እንደዚህ አልነበረም። ይሄን ሌላ ጥናት ላይ እንኳ…»

«ሌላ ጥናት ላይ አይገባም። ለዚህ ብቻ ነው የሚሆነው።»

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ድጋሚ አነበበችው፤ በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብላ። «ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?»

አላውቀውም ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ያቺን የዘመድ መስመር ደንቡ ውስጥ ያስገባት ግን እሱ ራሱ ነው።

«የእህቴ ባል ነው።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እንግዲያው እንዴት አደርጋለሁ? ዘመዱ የተነካበት አይጽፍም ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ በግድ ያስገባኋት መስመር እኮ አይደለችም።»

«ልክ ነሽ። የኔን ተይው። አንቺ ውጪና የጎረቤቱን በር አንኳኪ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። እዚያ ዘመድ የለሽ፤ አንቺ ብትጽፊው ማንም ምንም አይልሽም።»

«እኔ? ዳገቱን?»

«ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው አያያቸውም። ደጃቸው ድረስ የሚሄድ ሰው ነው የጠፋው።»

ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረውን ወረቀት። ስትመልስ ድምፅዋ የውሸት አልነበረም። «ጊዜ የለኝም፣ መምህር። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ጊዜ የለኝም።»

እውነቷን ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከሁሉም ውድ የሚባለው ጊዜ የእሷና የመሰሎቿ ነው። ወረቀቱን አልመለሰችለትም፣ ጥራዙ ውስጥም አላስገባችውም፤ እንደያዘችው ቀረች። ባዶውን ቦታ የሚሞላው የድሮው የገበያ ምዕራፍ የት እንደተቀመጠ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

አባ ግን ኮቱን ለበሰ። በሥራ ሰዓት ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም፤ ጥበቃው «ደህና ነዎት?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳለት። አውቶቡስ ተሳፍሮ ታችኛው ፌርማታ ላይ ወረደ፣ በተፈነቃቀለው ድንጋይ ላይ እየረገጠ ዳገቱን ወጣ፣ ሰማያዊውን በር ገፋ። ልብስ ሰፊው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር።

«ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» አለች እትዬ ደንግጣ።

«አለኝ፣ ግን…» አለና ኮቱን አወለቀ።

ወንበር ሳበና ልብስ ሰፊው አጠገብ ተቀመጠ። ያን የተጨበጠ እጅ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ያቺ ባለሙያ እንዴት ነበር የምታደርገው?» አለው።

«ከአውራ ጣት ነው የምትጀምረው» አለ ልብስ ሰፊው። «ቀስ ብላ ነው። ከቸኮልክ ያማል።»

አባ ግን አውራ ጣቱን ያዘና ቀስ ብሎ ይከፍተው ጀመር።